ትንሿ የፕላስቲክ ኢንጀክሽን ማሽን ማርቆስ ላይ ምን እንደምትሰራና ምን እንደማትሰራ

ማርቆስ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ እንሰራለን ስል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፣ "ባልዲ ትሰራላችሁ?" አንሰራም። ጀሪካንም አንሰራም፣ የሀይላንድ ጠርሙስም አንሰራም፣ ፌስታልማ ጭራሽ። ጠርሙስና ጀሪካን በአየር ተነፍተው ነው የሚወጡት፣ ማሽናቸው ሌላ ነው፣ ፌስታልም የራሱ ማሽን አለው። ባልዲ አዎ በኢንጀክሽን፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ ውስጥ በኃይል እየተገፋ ነው የሚሰራው ግን በኛይቱ ማሽን አይሰራም፣ ለምን እንደማይሰራ የገባው ሰው ደሞ ምን ዓይነት ማሽን መግዛት እንዳለበት ግማሹን ገብቶታል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከዛ ልጀምር።

ማሽን ሻጭ ጋ ስትሄዱ ባለ 30 ቶን፣ ባለ 120 ቶን፣ ባለ 300 ቶን እያሉ ይቆጥሩላችኋል። የማሽኑ ክብደት እንዳይመስላችሁ። ሞልዱ፣ ዕቃው ቅርጹን የሚይዝበት ብረት፣ ሁለት ፊት አለው አይደል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ በኃይል ሲገባ ሁለቱን ፊት ሊለያይ ይገፋል፣ ማሽኑ ደሞ እንዳይከፈት ጨምቆ ይይዛል፣ ቶን የሚሉት ያንን የመጨመቂያ ጉልበት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ዕቃውን ከፊት ለፊት ስታዩት የሚሸፍነውን ስፋት በካሬ ሴንቲ ውሰዱና ለፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን፣ እኛ የምንሰራበት ፕላስቲክ) በ0.4 አባዙት፣ እንደ ዕቃው ከ0.3 እስከ 0.5 ይሄዳል፣ በጣም ስስ ከሆነ ከዛም ያልፋል። አፉ 30 ሴንቲ የሆነ ባልዲ ስፋቱ 700 ካሬ ሴንቲ አካባቢ ነው፣ በ0.4 ስታባዙት 280 ቶን። ያ ማሽን እኛ ሼድ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም ሞልዱን የሚያነሳ ክሬን ይፈልጋል።

አሁን የኛን እዩ። ዋናው ስራችን የወንበርና የዴስክ እግር ስር የሚገባው የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ክዳን ነው፣ ባለ 30ው 3 በ3 ሴንቲ ነው፣ 9 ካሬ። ሞልዱ በአንዴ አራት ያወጣል፣ 36 ካሬ፣ ፕላስቲኩ የሚሄድበትን ቦይ ስትጨምሩበት 46 ገደማ፣ በ0.4 ሲባዛ 18 ቶን ምናምን። የኛ ማሽን ባለ 30 ቶን ናት፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ብትሆን ነው፣ ስራውን ዘና ብላ ትሰራዋለች።

"ታዲያ ትልቅ ገዝታችሁ ትንሹንም ትልቁንም ብትሰሩበትስ?" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ግን ለሁለት ስኒ ቡና የድግስ ብረት ድስት መጣድ ነው የሚሆነው፣ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ያበላሻል። እንዴት መሰላችሁ፣ ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት ባሬል ትልቅ ሲሆንና እናንተ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ስትወስዱ ቀሪው እዛው እሳት ውስጥ ይቆያል። አራቱ ክዳን ከነቦዩ 24 ግራም ቢሆን፣ ማሽኑ ደሞ 500 ግራም የሚይዝ ቢሆን፣ አንዱ የጥሬ ዕቃ ፍሬ ከገባ በኋላ ለመውጣት ከ20 ዙር በላይ ይጠብቃል፣ በ30 ሰከንድ ዙር ከ10 ደቂቃ በላይ በ220 ዲግሪ እየተቀቀለ ማለት ነው። ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። በዙር የምትወስዱት ከባሬሉ አቅም ከ20 እስከ 80 በመቶ መሀል እንዲሆን ይመከራል። እዚች ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ፣ ማሽኑ ላይ 50 ግራም ተብሎ የሚጻፈው በፖሊስታይሪን፣ በሌላ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ተለክቶ ነው፣ ፒፒ ሲቀልጥ ከሱ ስለሚቀል ያው ማሽን በፒፒ 40 ግራም እንኳ አይሞላም። ስትገዙ በምትሰሩበት ዕቃ ጠይቁ።

ግን ይሄ ሁሉ ቴክኒክ ነው፣ የማሽኗን ጥቅም እኔ ያየሁት ገበያው ላይ ነው። ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸና፣ ሞጣ ያሉት ብረታ ብረት ቤቶች ወንበርና ኮምባይንድ ዴስክ ይሰራሉ፣ ክዳኑን ድሮ የሚያመጡት ከመርካቶ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ወይ መኪና ደጀን ላይ ሲቆም ዕቃው የለም፣ ሲመጣም በጆንያ ካልገዛህ አይሸጡልህም፣ እና አንድ ብረት ቤት ለሳምንት ስራው 400 ክዳን ቢፈልግ የት ይሄዳል? የትኛውም ትልቅ ፋብሪካ ለ400 ክዳን ሞልድ አይቀይርም። እኛ እንቀይራለን። የኛ ሞልድ ለሁለት ሰው የሚነሳ ነው፣ አውርዶ ሌላ መጫኑ ከምሳ ሰዓት አይበልጥም፣ ጠዋት ባለ 25ቱን ስንሰራ አርፍደን ከሰዓት ባለ 30ው ላይ መግባት እንችላለን።

አንድ ነገር ልንገራችሁማ። አንድ የቢቸና ብረት ሰሪ መጣ፣ "ወንድምዓለም፣ የናንተው ክዳን እየወለቀብኝ ነው፣ ዴስኩን ጎተት ሲያደርጉት ክዳኑ መሬት ይቀራል" አለ። የቱቦላሬ ቁራጭ ይዞ መጥቷል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስናስገባበት ገበያ ላይ 1.5 ተብሎ የሚሸጠው ብረት ውፍረቱ 1.2 ነው፣ ስለዚህ የውስጡ ክፍተት 27 መሆን ሲገባው 27.6 ሚሊ ሆኗል። ግማሽ ሚሊ ምናላት ትላላችሁ፣ ክዳኑን የሚይዘው እኮ ዙሪያውን ያሉት ቀጫጭን ክንፎች ቱቦው ውስጥ ገብተው ሲጠመዘዙ ነው፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ክንፎቹ ግድግዳውን አይነኩም። ሞልዳችን ላይ የክንፎቹን ቦታ በትንሹ ጠለቅ አድርገን ቆረጥንና ክንፉ ረዘም አለ፣ አሁን ለሁለቱም ውፍረት ይይዛል፣ በ1.5ቱ ላይ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ይፈልጋል እንጂ። እንዲህ ዓይነት ማስተካከያ ከመርካቶ ዕቃ ላይ አታገኙም፣ ማን ብላችሁ ልትነግሩት? ብረት ማንሳት ደሞ ቀላል ነው፣ መጨመር ነው የሚከብደው፣ ስለዚህ አዲስ ሞልድ ስታሰሩ ዕቃው ትንሽ አንሶ እንዲወጣ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዛ እያያችሁ ቁረጡ።

ሞልድ ካነሳን አይቀር፣ ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው። ሰው ማሽን ማሽን ይላል፣ ማሽን ያለሞልድ ፕላስቲክ የሚተፋ ብረት ነው። ጥሩ ብረት ላይ የተሰራ ባለ ብዙ ጉድጓድ ሞልድ ከትንሿ ማሽን ዋጋ ሊበልጥ ሁሉ ይችላል። የትንሽ ማሽን ትልቁ ጥቅም ሞልዱም ትንሽ መሆኑ ነው፣ ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት መቅረጫ ማሽኖች) ባለበት ቤት ሊሰራ ይችላል፣ በአሉሚኒየም ጀምራችሁ ገበያውን ካያችሁ በኋላ በብረት ማሰራት ትችላላችሁ። የኛን የሰሩልን ድሮ ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ፖሊ እንግዲህ በ1955 ዓ.ም. በያኔዋ ሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ነው፣ ጋሼ ያኔ የተማሩት ፍሬዛ ዛሬም እጃቸው ላይ አለ። ስዕሉን ስናሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁት "ምን ያህል ይሸመቅቃል?" ብለው ነው። ፒፒ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይሸመቅቃል፣ 30 ሚሊ ላይ 1.5 በመቶ ብትይዙት ግማሽ ሚሊ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሞልዱ በዛ ልክ መስፋት አለበት። ይሄን ሳይጠይቃችሁ ሞልድ እሰራለሁ ካለ ሰው ጋ ቀብድ አትክፈሉ። ጋሼ ደግሞ የግድግዳ ውፍረት ላይ ቆጣቢ ናቸው፣ "ወፍራም ዕቃ ጠንካራ ዕቃ አይደለም ልጄ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ የማቀዝቀዣው ጊዜ ከውፍረቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፣ 2 ሚሊ የነበረውን 3 ብታደርጉት ጊዜው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ላዩም ጎድጎድ ይላል።

ስራው ወቅት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ዴስክ ነው፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ብረት ቤቱ ሁሉ ክዳን ይፈልጋል። ጥቅምትና ህዳር ደሞ የማር ጊዜ ነው፣ አደይ አበባው ካለፈ በኋላ ቀፎ ይቆረጣል፣ ያኔ የማር ዕቃ ክዳን እንሰራለን። ያው ማሽን ናት፣ ሞልዷ ብቻ ነው የሚቀየረው። ግን የማር ክዳኑ ለኛ ማሽን ጫፍ ላይ ያለ ስራ ነው፣ ዲያሜትሩ 9 ሴንቲ ነው፣ ስፋቱ 64 ካሬ፣ በ0.4 ከ25 ቶን በላይ፣ በ0.5 ደሞ 32፣ ማለትም ማሽኗ ካላት በላይ። ስለዚህ በአንዴ አንድ ብቻ ነው የምናወጣው፣ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ሲል ጠርዙ ላይ ስስ ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል፣ ፍላሽ የሚሉት፣ ያንን በምላጭ ስትከረክሙ መዋል ነው። መፍትሄው በቀላሉ የሚፈስ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ነው። ጥሬ ዕቃው ከረጢት ላይ ሜልት ፍሎው የሚል ቁጥር አለ፣ ሲቀልጥ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚናገር፣ ለኢንጀክሽን ከ10 በላይ የሆነውን ፈልጉ። ለማዳበሪያ ከረጢት የሚሆነው ፒፒ ቁጥሩ 3 አካባቢ ነው፣ ፒፒ ስለሆነ ብቻ አሮጌ ማዳበሪያ ሰብስበው ፈጭተው ስስ ክዳን ሊሰሩ የሚሞክሩ አሉ፣ ሞልዱን ሳይሞላ ግማሽ መንገድ ይቀራል። ለወፍራሙ የዴስክ ክዳን ግን ከጥሩው ጋር ቀላቅላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

አሮጌ ፕላስቲክ ላይ ልቆይ ምክንያቱም ትርፉ ያለው እዛ ነው። ትንሽ ማሽን በቀን የምትበላው ጥሬ ዕቃ ትንሽ ስለሆነ ከሰፈር በተሰበሰበ ፕላስቲክ መስራት ይቻላል፣ ትልቁ ማሽን በሰዓት የሚውጠውን እኛ ከተማ ለቅሞ መሙላት አይቻልም። ሶስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ፣ 5 ፒፒ ነው፣ 2 ጠንካራው ፖሊኤትሊን ነው። ቁጥር የሌለውን ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ ፒፒና ፖሊኤትሊን ይንሳፈፋሉ፣ የሀይላንድ ጠርሙሱ (1 ቁጥር) ይሰምጣል፣ ፒቪሲም ይሰምጣል። የሀይላንዱ ክዳን ይንሳፈፋል፣ እሱን ሰብስቡ፣ ጠርሙሱን ተዉት፣ እሱ ደረቅ መሆንና ከ260 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ፒቪሲ ግን አደራ። ቁራጭ የኤሌክትሪክ ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) እንኳ ተቀላቅሎ ቢገባ ሲቃጠል አሲድ ነው የሚያወጣው፣ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፣ ስክሪውንና (ባሬሉ ውስጥ እየዞረ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ብረት) ባሬሉንም ይበላል። እኛ ጋ ለቃሚዎቹ ልጆች ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ያመጡታል፣ እና በርሜል ውሃ ሳያልፍ ወደ ክራሸር (መፍጫው) የሚገባ ነገር የለም።

መብራት። ሁሉም የሚጠይቀው ነው። የኛ ዓይነት ማሽን ሞተሩና ሂተሮቹ ተደምረው 10 ኪሎዋት አካባቢ ነው፣ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ይፈልጋል፣ ግን የራሱ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ ባሬሉ ውስጥ ያለው ይጠነክራል፣ ትንሽ ስለሆነ ግን መብራት ሲመጣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይቀልጣል፣ ትልልቆቹ ከሰዓት በላይ ይወስዳሉ፣ በቀን ሁለት ሶስቴ መብራት ለሚሄድበት ቦታ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ሙቀቱ ቁጥሩን ነካ ብላችሁ ወዲያው ስክሪው አታዙሩ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው የብረቱን ሙቀት ነው፣ መሀሉ ገና ድንጋይ ነው፣ ትንሽ ቆዩለት። ፒፒና ፖሊኤትሊን ሲቆም ሲነሳ ይታገሳሉ። የምትገዙት ማሽን ሰርቮ ሞተር (ስራ ሲኖር ብቻ የሚዞር) ካለው ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ያዙ፣ አሮጌው ዓይነት ዕቃው ሲቀዘቅዝ ቆሞ እንኳ ፓምፑ እየዞረ መብራት ይቆጥራል።

የማርቆስ ብርድ እዚህ ስራ ላይ በረከት ነው። አዳማ ላይ ሞልድ ለማቀዝቀዝ ቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) የሚገዛ ሰው አለ፣ እኛ አንድ በርሜል ውሃና ትንሽ ፓምፕ ነው ያለን፣ ውሃው በራሱ ቀዝቃዛ ነው። ክረምት ላይ ግን ሞልዱ ያልበዋል፣ ጠዋት ላይ ጠብታ ይዞ ከሰራችሁበት ዕቃው ላይ መስመር መስመር ይወጣል፣ ውሃውን ቀነስ አድርጉና በጨርቅ ጥረጉት። ከፍታው ደሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ሞተር ላይ የተጻፈው ጉልበት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው የሚሰራው፣ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ሻጩን ከፍታውን ንገሩት፣ ሞተሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ እንዲሰጣችሁ።

ገንዘብ ለሌላቸው ልጆች የእጅ ሊቨር ያላት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥም አለች፣ ቱቦ ውስጥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሊቨሩን ስትጫኑ ዘንጉ ወደ ሞልዱ ይገፋዋል። ሀሳቡ የቆየ ነው፣ ሃያት የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ1872 እ.ኤ.አ. ያስመዘገቡት የመጀመሪያው ማሽን በዘንግ የሚገፋ ነበር፣ ስክሪው የመጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሪሸስ ፕላስቲክ የሚባሉት የሆላንድ ልጆች የዚህን ማሽን ስዕል በነጻ ለቀውታል፣ ብየዳ የሚችል ሰው ሊሰራው ይችላል። ቁልፍ መያዣ፣ ትንንሽ ማስታወሻ ዕቃ፣ ለናሙና ጥሩ ናት። ለሽያጭ ግን ክንድ ታወልቃለች፣ ዘንግ ስለሆነ ሙቀቱም እኩል አይዳረስም፣ ቀለሙ ዥጉርጉር ይወጣል። ለመማር ካልሆነ አልመክርም።

ለማን ትንሽ ማሽን አትሆንም? ከቻይና በኮንቴይነር ከሚመጣ ዕቃ ጋር በአንድ ዓይነት ዕቃ በዋጋ መፎካከር ለሚፈልግ ሰው አትሆንም። የልብስ ማንጠልጠያ ሞክሩ የሚለን ብዙ ነው፣ እኛ በወረቀት አስልተን ተውነው፣ ስፋቱ ለማሽኗ ይከብዳል፣ ገበያው ላይ ያለው ደሞ ከጥሬ ዕቃችን ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተንሳፈፈ ወዲህ የውጪው ስለተወደደ ትንሽ ተንፍሰናል፣ ግን ቨርጅኑ (አዲሱ፣ ያልተሰራበት) ጥሬ ዕቃም አብሮ ነው የተወደደው። ሂሳቡን ለራሳችሁ ስሩ፣ በ30 ሰከንድ አራት ብታወጡ በሰዓት 480 ነው፣ ይሄ የወረቀት ቁጥር ነው፣ ከሱ ላይ መብራት የሚጠፋበትን፣ ሞልድ የሚቀየርበትን፣ የሚጣለውን ቀንሱ። የቀረው የወር ገበያችሁን በሳምንት የሚሞላ ከሆነ ማሽኗ በቂያችሁ ናት ማለት ነው፣ ሁለተኛ ሞልድ አስቡ እንጂ ሁለተኛ ማሽን አታስቡ። ማሽኑን በሊዝ የምትገዙ ከሆነም ቅድሚያ ክፍያውን ስትቆጥቡ የሞልዱን ገንዘብ ለብቻው ያዙ፣ ማሽኑ ገብቶ ሞልድ አጥቶ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ ሼድ አይቻለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ሞቃ ስትሰራ ካላያችኋት አትግዙ። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ዕቃ ደጋግማ ታወጣ እንደሆነ በወርቅ ሚዛን መዝኑ፣ ክብደቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ስክሪው ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት አልቋል። የሞልዱ ፊት የሚንሸራተትባቸውን አራት ዘንጎች በእጃችሁ ዳብሱ፣ ጭረት ካለ ዘይት ሳትቀባ ነው የኖረችው። ከሁሉ በላይ የሞልዱን በር ክፈቱና ማሽኗ እንዳለች ትቆም እንደሆነ እዩ፣ ብዙ ቦታ ስራ ለማፍጠን ብለው የበሩን ስዊች በሽቦ ያስሩታል፣ ያ በር ተከፍቶ ሞልዱ የሚዘጋ ከሆነ 30 ቶን እጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ስዊቹ ትንሽ ዋጋ ነው፣ ቀይራችሁ ሳትጨርሱ ማንንም ፊቷ አታቁሙ፣ ኖዝሉን (የቀለጠው የሚወጣበትን አፍ) ስታጸዱም መነጽር አድርጉ፣ ውስጡ የታፈነ አየር ሲወጣ የቀለጠውን ፊት ላይ ይረጨዋል።